ባለቤቷ ያረፈባት ታናሽ እህቴ ከአርባው በፊት ምን ታስቀድም?

ጥያቄ
ከ፦ ታላቅ እህት፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የታናሽ እህቴ ባለቤት ለብዙ ወራት ታሞ በቅርቡ ዐርፎብናል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ድንኳኑም የተነሣው በዚህ ሰሞን ነው። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር በመሆኑ ከጎኗ አልተለየሁም፤ ነገር ግን በየቀኑ አንድ አዲስ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ የትኛውን አስቀድመን የትኛውን እንደምናቆይ መወሰን አቅቶናል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እናቶችና እህቶች፣ እንዲሁም ሕጉንና ሥርዓቱን የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱን በትሕትና እለምናለሁ።

ሟች በአንድ የግል ድርጅት ከ10 ዓመት በላይ በሾፌርነት ሠርቷል፤ በየወሩም ከደመወዙ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበት ነበር። 3 ልጆች ትቷል፤ ትልቁ ወንድ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 11፣ ትንሹ ደግሞ ገና 4። የሚኖሩበት ቤት በቤት ሥራ ማኅበር በኩል ባገኙት ቦታ ላይ ሁለቱም ከዕለት ጉርሳቸው እየቀነሱ የሠሩት ሲሆን ካርታው የወጣው በእሱ ስም ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ባሕር ዳር ዙሪያ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር የወጣለት የእርሻ መሬት አላቸው። መሬቱን በእኩል ሲያርሱ የኖሩት የሟች ወንድሞች ናቸው፤ ደብተሩም በእነሱ እጅ ይገኛል።

አሁን ዋርሳዎቿ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ ቤቱ ለእሷና ለልጆቿ ሆኖ መሬቱ ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ የሚል ወረቀት አቅርበው እንድትፈርም ጠይቀዋታል። በክፉ ቃል አልተናገሯትም፤ በወንድማቸው ሞት የተጎዱትም ከእኛ ባልተናነሰ ነው፤ ሆኖም ነገሩ ከአርባው በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። አማቷ በበኩላቸው ለልጃቸው ተዝካር በሬ ታርዶ፣ ደብሩም አገሩም ተጠርቶ እንዲወጣለት ይሻሉ፤ ለሕክምናው የተበደርነው ገንዘብ ግን ገና አልተከፈለም። ትልቁ ልጅ «ትምህርቴን ትቼ ባጃጅ እይዛለሁ፤ እናቴ የሰው እጅ አታይም» ብሎ ቆርጧል። እህቴ ከቤት ውጭ ሠርታ አታውቅም፤ ባለሙያ ግን ናት፤ እንጀራዋንና በርበሬዋን ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክርላታል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ምንድን ነው? የምትፈርመው ወይም የምትከለክለው ነገር ልጆቿን ከአባታቸው ወገን እንዳይለይባት እጅግ ትፈራለች፤ ይህንንም ስጋቷን እያሰባችሁ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።


ምላሽ
ከ፦ ጠበቃ፣ ባሕር ዳር

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በሥራዬ እንዲህ ያለ ጉዳይ በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥመኝ የምመልስልዎ በሕጉ በኩል ያለውን ነው።

እህትዎ የቀረበላት ወረቀት ላይ አትፈርም። ይህን የምለው ዋርሳዎቿን በክፉ ጠርጥሬ አይደለም። እሷ በሙሉ ልቧ ብትስማማ እንኳ የልጆቿን ድርሻ በፊርማዋ አሳልፋ መስጠት አትችልም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የወረሰውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላ ለማስተላለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋልና። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ «የልጆች ድርሻ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ፍርድ ቤት ሳያየው መፈረም አልችልም» ብላ በአክብሮት ብትመልስ የተናገረችው እውነቱን ነው፤ ዝምድናውንም አያሻክረውም።

የአገራችን የውርስ ሕግ እስከ ዛሬ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች የሟች ልጆች ናቸው፤ ልጆች እስካሉ ድረስ ወላጆቹም ሆኑ ወንድሞቹ አይወርሱም። ሚስት በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሯ ብዙ እናቶችን ያስደነግጣል። ነገር ግን እሷ ድርሻዋን የምትይዘው በወራሽነት ሳይሆን በባለቤትነት ነው፤ በትዳር ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ በመሆኑ ውርሱ ከመከፈሉ በፊት ግማሹ ለእሷ ይወጣል፣ ለወራሾች የሚተላለፈው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። የቤቱ ካርታ በሟች ስም ብቻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የአንደኛው የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ በማንኛቸውም ስም ቢመዘገብ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በክልላችን የባልና ሚስትን ሀብት የሚመለከተው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። እንግዲህ ከቤቱ ግማሹ የእህትዎ፣ ግማሹ የ3ቱ ልጆች ነው ማለት ነው። ለልጆቹም በሕይወት ያለችው ወላጅ እሷ በመሆኗ አሳዳሪያቸውም ሞግዚታቸውም እሷው ናት፤ ሌላ ሞግዚት ይሾም የሚል ሐሳብ ቢነሣ ይህን አስታውሱ።

መሬቱን በተመለከተ፣ በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ እንዲህ ባለው ቀን ሴቶችን ከመፈናቀል ለመጠበቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የእህትዎ ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ካለ ባለይዞታ ናት፤ ደብተሩ በማንም እጅ ቢቀመጥ መብቷ አይሻርም። በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ስላለ ከዚያ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ። ወንድሞቹ እስካሁን ሲያርሱ ስለኖሩ ቢቀጥሉ መልካም ነው፤ እሷም በሬና ጎልማሳ ስለሌላት አራሽ ያስፈልጋታል። ብቻ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑና ድርሻው ተለይቶ ይገለጽ፣ በጽሕፈት ቤቱም ይመዝገብ።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልመለስ። ሞት በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ አዋጁ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ ሳይያዝ ቀጣዩ በር ስለማይከፈት ይህ ከአርባው በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው። ከዚያ ለወረዳው ፍርድ ቤት ማመልከቻ ቀርቦ የልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል። ሁለቱ ወረቀቶች ሲያዙ ወደ ጡረታው ይኬዳል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚመራ ሲሆን፣ ሟች ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ከሆነ ሚስት ሊያገኝ ከሚችለው ጡረታ 50 በመቶውን፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን ያገኛሉ፤ ድምሩ ከ100 በመቶ መብለጥ ስለሌለበት በእህትዎ ቤት 110 የሚደርሰው ሒሳብ ለሁሉም ተመጣጥኖ ይቀነሳል። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየወሩ የሚገባ በመሆኑ የልጆቹን ቀለብ ይደግፋል።

ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት፤ እዚያ ሄዳችሁ ማመልከቻውን ማስጻፍ ትችላላችሁ።


ምላሽ
ከ፦ የእድር ዳኛ

የሟችን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። በሰፈራችን እድር ለረጅም ዘመን በዳኝነት ያገለገልሁ ሽማግሌ ስለሆንሁ ስለ ተዝካሩና ስለ እድሩ የማውቀውን ልናገር።

ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምታዝዘው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱ የሚደረገው መታሰቢያ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው። በሬ ማረድና አገር መጥራት በአቅሙ የሚያደርገው ሰው የጨመረው የአገር ልማድ እንጂ ለሟች ነፍስ ግዴታ ሆኖ የተሰጠ ሥርዓት አይደለም። የኔ ቢጤውን፣ አብነት ትምህርት ቤት ያለውን የቆሎ ተማሪ፣ የደብሩን አገልጋይ በዳቦና በጠላ፣ በንጹሕ እንጀራና በሽሮ ወጥ ያበላች ሴት የባሏን ተዝካር በሙሉ ክብር አውጥታለች። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ የጸና ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉባት ሴት ለድግስ ብላ አራጣ ስትበደር ዝም ብሎ ማየት የሽማግሌ ሥራ አይደለም። በእኛ ሰፈር ከአንድም ሁለት ቤት ሐዘኑ ካበቃ በኋላ በተዝካር ዕዳ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ላሚቱ ተሸጠች፣ ከዚያ ቤቱ ተከራየ፣ ከዚያ ልጆቹ ለዘመድ ተበተኑ።

የሚሻለው መንገድ፣ የደብሩን አለቃ ወይም የቤተሰቡን የንስሐ አባት ወደ አማቲቱ ይዞ መሄድ ነው። ይህን ነገር ከምራቷ አፍ ሲሰሙት ንፍገት ይመስላቸዋል፤ ከንስሐ አባታቸው ሲሰሙት ግን ይቀበሉታል። ከፍ ያለ መታሰቢያ ማድረግ የግድ የሚፈለግ ከሆነ ለሙት ዓመቱ ይቆይ፤ እስከዚያ ዕዳው ይቀላል፣ እህሉም ይገባል።

ስለ እድሩ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአብዛኛው እድር አባሉ የሚመዘገበው በአባወራው ስም ነው። አባወራው ሲሞት እድሩ የሚገባውን ገንዘብ ከፍሎ፣ ድንኳኑንና ዕቃውን አቅርቦ፣ ለቀስተኛውን አስተናግዶ ይለያያል፤ ሚስቲቱም ወርኃዊ መዋጮውን ለመክፈል ስለምትቸገር ወይም ስሟ በመዝገቡ ስለሌለ ቀስ በቀስ ትወጣለች። ይህ ከባድ ጉዳት ነው፤ እድር ያጣች ሴት በሰፈሩ ሰው ያጣች ናትና። እባክዎ እህትዎ በዚህ ወር ውስጥ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄዳ አባልነቱ ወደ ራሷ ስም እንዲዛወር ታድርግ። መዋጮው ለጥቂት ጊዜ እንዲታለፍላት መጠየቅም ነውር አይደለም፤ እኛ ለእንዲህ ያሉ እናቶች በጉባኤ ወስነን አልፈናል።


ምላሽ
ከ፦ እናት፣ ዘጌ

እኔ የምጽፈው ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ነው። ልጄን የቀበርሁ እናት ነኝ፤ ምራቴም ከልጅ ልጆቼ ጋር አጠገቤ ትኖራለች።

አማቲቱ በሬ ይታረድ የሚሉት ሥጋ ለማብላት አይመስለኝም። ልጅ የሞተባት እናት ሁለት ነገር ትፈራለች፤ ልጄ ይረሳል ብላ ትፈራለች፣ ምራቴ ልጆቹን ይዛብኝ ትሄዳለች ብላ ትፈራለች። እኔም እንዲሁ ፈርቼ ነበር። ምራቴ ልጆቹን አስከትላ መጥታ «እማማ፣ አርባውን እርስዎ እንዳሉት እናድርገው፤ ያለን ግን ይኸው ነው» ብላ ያለውን ሁሉ ፊቴ ስትቆጥረው ልቤ ተመለሰ። እኛ አገር በሬ አይጠመድም፤ የምንኖረው በቡናችን፣ በጌሾአችንና በሎሚያችን ነው። ከጓሯችን ቡና ሸጠን ቤተ ክርስቲያኑን አስቀደስን፣ ድሆችን አበላን፤ ያለ አንዳች ብድር ተጠናቀቀ።

ስለዚህ የንስሐ አባት መላኩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ አብራ ትሂድ፣ ልጆቹም አብረዋት ይሂዱ። መሬቱንም ቢሆን አማቲቱ ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚቀር ከራሷ አንደበት ከሰሙ ልጆቻቸውን የሚገሥጹት እሳቸው ይሆናሉ።


ምላሽ
ከ፦ እንጀራ ጋጋሪ እናት፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናናችሁ። እኔም ባለቤቴን በሞት ካጣሁ በኋላ ልጆቼን በእጄ ሥራ ያሳደግሁ ነኝ። ስለ ወረቀቱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሥራው ልንገርሽ።

ስጀምር በዓሣ ነበር የጀመርሁት። ማለዳ ከሐይቁ ከሚመለሱት አስጋሪዎች ቆረሶና አምባዛ ተረክቤ፣ አጽድቼና ቆራርጬ ለሰፈር ሰውና ለምግብ ቤቶች እሸጥ ነበር። በጾም ወራት ዓሣ እጅግ ይፈለጋል፤ ገንዘቡም በዕለቱ እጅ ይገባል። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ለሌላት ሴት እስከ ቀትር ያልተሸጠ ዓሣ ሁሉ ኪሳራ ነው፣ ፍስክ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ጎሕ ሳይቀድ ሐይቅ ዳር መድረስም የ4 ዓመት ሕፃን ላላት እናት አይመችም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ዓመት የሚበላሽ ነገር አትያዝ የምለው። እህትሽ የምትችለው እንጀራና በርበሬ መሆኑ ዕድል ነው፤ አንዱ በየቀኑ ይሸጣል፣ ሌላው ቢቆይ አይጎዳም።

እንጀራ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ ሒሳብ ይፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ፣ መብራቱ፣ ወፍጮው፣ ትራንስፖርቱ ስንት እንደሚወስድ ደብተር ላይ ሳይጻፍ የሚጋገር እንጀራ ቤተሰቡን አብልቶ ሴትዮዋን ባዶ እጇን ያስቀራል። የቤቱ ዱቄትና የሥራው ዱቄት ዕቃው ይለይ። ቤተሰቡ ከሥራው እንጀራ ከበላ እንኳ ተቆጥሮ ይጻፍ። ቀን ቀን ኃይል ስለሚዳከምና ስለሚቋረጥ እኔ የምጋግረው ሌሊት ነው፤ ያንን ደግሞ ለብቻ መቻል ስለማይቻል እንደ እኔው ባሎቻቸው ከሞቱባቸው ሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ተራ ገባን። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ የሁላችንንም ልጆች ይዛ ትተኛለች። እውነቱን ለመናገር ያቆመኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው፤ ሊጡ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ያየችኝ ሴት ለምን እንደማለቅስ አትጠይቀኝም ነበር።

ደንበኛን በተመለከተ ቤት ለቤት የሚገዙትን አስቀድሙ። ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ብዙ ይወስዳሉ፣ ነገር ግን በዱቤ ነው የሚወስዱት፤ ወር ሙሉ አስረክበሽ ክፍያው ሲዘገይ የሚቀጥለውን ጤፍ መግዣ ታጫለሽ። ከእነሱ ጋር የምትሠራ ከሆነ ሒሳቡ በየሳምንቱ እንዲዘጋ አስቀድማ ትነጋገር። ጤፍ ሲወደድ ወደ ወረታ በኩል እንደሚያደርጉት የፎገራን ሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ወጪውም ይቀንሳል፤ ደንበኛው ግን የሚበላውን ይወቅ፤ ሳይነገረው የተቀላቀለበት ደንበኛ ሲያውቅ አይመለስም። በርበሬውን ዛላው ከገጠር በሚገባበት ወራት ገዝታ አድርቃ ብታስቀምጥ፣ ክረምቱ ላይ አስፈጭታ በኪሎ ብትሸጥ የልጆቹን የደብተርና የልብስ ወጪ ይሸፍንላታል።

ብድርን አትፍራ፣ ነገር ግን አትቸኩል። ቀድሞ አብቁተ የምንለው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ለእንደኛ ዓይነቶቹ ሴቶች በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፤ እኔም ተበድሬ ከፍያለሁ። ብድሩን የወሰድሁት ግን ሥራው ገበያ እንዳለው ካየሁ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዋን ምጣድ የገዛሁት በሳምንታዊ ዕቁብ ነበር። አሁን ያለው የሕክምና ዕዳ ከሥራው ገንዘብ ጋር አይደባለቅ። አበዳሪዎቹ ዘመዶች ከሆኑ በየወሩ የምትከፍለውን ትንሽ ገንዘብ ቁረጡላትና በሽማግሌ ፊት ይስማሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈራችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለ አባልነቷ እንዳይቋረጥ። ይህ መድን በክልላችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ የሐይቁ ጎረቤት ፎገራ ነበረች፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቼ ሲታከሙበት አይቻለሁ። ቤቱን ለዕዳ የዳረገው ሕመም ስለሆነ ሁለተኛ እንዳይደርስባት እፈራለሁ።


ምላሽ
ከ፦ መምህር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ስለ ልጁ ሌላ ሰው ስላልተናገረ ልጻፍ። በለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ እያቀፈው «ከእንግዲህ የዚህ ቤት አባወራ አንተ ነህ» ይለዋል። ለማጽናናት የተባለ ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ግን ቃሉን እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል። አሁን ትምህርቴን እተዋለሁ የሚለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። መንገዱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ በእርግጥ የሚረዳበት ሥራ ይሰጠው። እናቱን ወደ ቀበሌና ወደ ፍርድ ቤት እሱ ያጅባት፣ የእንጀራውን ሒሳብ ደብተር እሱ ይያዝ፣ ቅዳሜ ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት እሱ ያምጣ። ባጃጁን በተመለከተ ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ አልደረሰም፤ ያለ ፈቃድ ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ቤቱ ሁለተኛ ሐዘን ላይ ይወድቃል። ይህን አጎቶቹ ቢነግሩት የተሻለ ይሰማል። ለአጎቶቹም ከመሬቱ ሌላ በዚህ ቤት ድርሻ እንዳላቸው ማሳያ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ስለ ሴቷ ልጅ ነው። እናት ሌሊት ስትጋግር፣ ቀን ስትሸጥ ትንሹን የምትይዘው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ቤት የምትጠርገው የ11 ዓመቷ ልጅ ናት። የወንድሟ ትምህርት ማቆም በጉባኤ ይመከርበታል፤ የእሷ ግን ማንም ሳይመክርበት ይቆማል። በመጀመሪያ ታረፍዳለች፣ ከዚያ በገበያ ቀን ትቀራለች፣ ከዚያ ፈተና ያመልጣታል። ወደ ትምህርት ቤቷ ሄዳችሁ ለክፍል ኃላፊዋ የሆነውን ንገሩ፤ መቅረት ስትጀምር ወዲያው እንዲያሳውቋችሁ ጠይቁ። ስለ አባቷ መናገር ካልፈለገችም አታስገድዷት፤ ነገር ግን ስሙ በቤቱ ውስጥ እንዳይጠራ አትከልክሉ።


ከጠያቂዋ
ታላቅ እህት፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለእህቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። የዘጌዋ እናት የጻፉትን ስትሰማ እንደገና እንዳነበው ጠየቀችኝ፤ በማግሥቱም ልጆቿን ይዛ ከንስሐ አባታቸው ጋር ወደ አማቷ ሄደች። ተዝካሩ በደብሩ ቅዳሴና ድሆችን በማብላት እንዲሆን አማቷ ተስማምተዋል፤ በሬው ቀርቷል። የመሬቱ ነገር ገና ነው። ታላቁ ዋርሳዋ በጽሑፍ ይሁን መባሉን አልወደደውም፤ «ለወንድሜ ልጆች ወረቀት ምን ያደርጋል» ብሏል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ፍርድ ቤቱ እስኪያየው ድረስ የመጀመሪያው ወረቀት ይቆይ ብለው ይዘውታል። ልጁ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል።

ለጠበቃው አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን የላቸውም። ይህ ያሰናክላታል? ወደ ድርጅቱስ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?


ምላሽ
ከ፦ ጠበቃ፣ ባሕር ዳር

አያሰናክላትም። በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው ጋር እኩል ይጸናል። ከደብሩ የተክሊሉን ወይም የቁርባኑን ማስረጃ አስጽፉ፤ በተጨማሪ ሠርጉን የሚያውቁና እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ያዩ ምስክሮች ለፍርድ ቤቱ ቢቀርቡ ጋብቻው መኖሩን ያረጋግጣል። በገጠሩ ደብተር ላይ የሁለቱ ፎቶግራፍ አብሮ መኖሩም ጠንካራ ማስረጃ ስለሆነ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ማረጋገጫ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። ታላቁ ዋርሳዋ በምስክርነት ቢቆጠር ደስ ይለኛል፤ ለወንድሙ ትዳር የመሰከረ ሰው ስለ መሬቱም ለመነጋገር ይቀለዋል።

ወደ ድርጅቱ ስትሄዱ የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ ጋብቻውን የሚያረጋግጠውን ውሳኔ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የእሷን መታወቂያ ያዙ። ከድርጅቱ የምትጠይቁት ሥራ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዙንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን የያዘ ደብዳቤ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ካለም ተሰልቶ እንዲከፈል በጽሑፍ አመልክቱ። ለየቦታው ኮፒ አስገቡ እንጂ ዋናውን ወረቀት ለማንም አትተዉ፤ ያስገባችሁትንም ማመልከቻ በራሳችሁ ኮፒ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙት።